የቤተሰብ ማዕዘን፦ ከሣሩ መካከል የምትጮኸው ወፍ



ክረምቱ ገብቶ በሠፈራችን ዳርቻ ያለው ሣር ከጉልበት በላይ ባደገ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል። «ከሣሩ ተነሥታ በአየር ላይ ከፍ ዝቅ እያለች የምትጮኸው፣ ከድንቢጥ የምታንሰው ወፍ ማን ናት?» የሚል ነው። ዛሬ መልሱን ይዘን ቀርበናል።

ሊቃውንት ይህችን ወፍ ሲስቲኮላ ይሏታል። ዝርያዎቿ 50 ገደማ ሲሆኑ አብዛኞቹ የሚገኙት በአፍሪካ ነው። ሁሉም ለማለት ይቻላል ቡናማና ጥቃቅን ስለሆኑ በመልክ መለየቱ ሊቃውንቱን ሳይቀር አስቸግሯል። ይህን ውስብስብ ጉዳይ መልክ ካስያዙት አንዱ ወታደር መሆኑን ስንገልጽ ደስ ይለናል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው አድሚራል ሁበርት ላይንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 በኦስተንድ ወደብ ላይ የተካሄደውን ዘመቻ የመራ ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሱዳን ዳርፉር የአዕዋፍን ኑሮ አጠና፤ እ.ኤ.አ. በ1930ም ስለ ሲስቲኮላ ሰፊ ጥናት አሳተመ።

ዘቡ በጨለማ ጓደኛውን በድምፁና በአረማመዱ እንደሚለይ ሁሉ፣ ይህችም ወፍ የምትለየው በላባዋ ብቻ አይደለም፤ በድምፅዋ፣ በአበራረሯና በምትመርጠው መሬት ጭምር ነው። በአየር ላይ በሞገድ መልክ እየበረረች በእያንዳንዱ ከፍታ «ዚት» የምትል ከሆነ፣ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ አልፋ እስከ አውሮፓና አውስትራሊያ የምትገኘው ዓይነት ናት። ጅራቷ እጅግ አጭር ሆኖ፣ በደጋው አጭር ሣር ላይ እጅግ ከፍ ብላ የምትበር ከሆነ ደግሞ፣ ሆይግሊን እ.ኤ.አ. በ1862 ለሳይንስ ያስተዋወቃት ናት። ይህ ጀርመናዊ በካርቱም በኦስትሪያ ቆንስላ ያገለገለና ወደ አገራችን የተጓዘ ተመራማሪ ነበር። በመጠን ከሁለቱ የምትበልጠውና አናቷ ቀላ ያለው፣ በደጋ ረግረግና ረጅም ሣር የምትኖረው ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች በቀር በሌላ አገር አትገኝም።

«ዚት» ባይዋ ጎጆ የምትሠራበት ጥበብ በእውነት ያስደንቃል። ወንዱ ያልተቆረጡ፣ ሕይወት ያላቸው የሣር ቅጠሎችን በሸረሪት ድር አያይዞ ጠርሙስ የመሰለ ቤት ያቆማል። እንስቷ ቤቱን ከወደደችው ውስጡን በለስላሳ የዕፅ ጭገር ታነጥፋለች። ከዚያ በኋላ ወንዱ ሌላ ጎጆ ሠርቶ ሌላ ሚስት ፍለጋ ይሄዳል፤ እንቁላሉን መታቀፉና ጫጩቶቹን ማሳደጉ በአመዛኙ በእንስቷ ላይ ይወድቃል። የወንዱን ጠባይ ለአርአያነት እንዳላቀረብነው እመቤቶቻችን ይረዱልናል! ባል ግዳጅ ላይ በዋለበት ወቅት ቤቱን ብቻዋን የምታቆም እናት ግን የዚህችን እንስት ድካም ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

እንግዲህ የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው እንቁላል ከተጣለበት ቀን አንሥቶ ጫጩቶቹ እስኪበርሩ አንድ ወር ያህል ይፈጃል። ጎጆው ከሣሩ ጋር የተሰፋ በመሆኑ ሣሩ ሲታጨድ አብሮ ይጠፋል። በቤት ደጃፍ ያለው ሣር የእባብ መሸሸጊያ እንዳይሆን ቶሎ መታጨድ አለበት፤ ወፎቹ ጎጆ ሳይሠሩበት ቢታጨድ የተሻለ ነው። ራቅ ባለው ሜዳ ላይ ግን ወፏ ዘወትር ስትወርድበት የምትታየውን ሥፍራ ለይቶ፣ በዙሪያው ጥቂት እርምጃ ያህል ሣር ለአንድ ወር ማቆየት ድርቆሹን እምብዛም አይጎዳም። ልጆቻችንም ጎጆውን ሳይነኩ ከሩቅ እንዲመለከቱ እናስተምራቸው። በትዕግሥት ማስተዋልን ከወላጅ የተማረ ልጅ፣ ነገ ለማንኛውም ሙያ የተዘጋጀ ይሆናልና።