ከሥራ ሰዓት በኋላ የተሠራም ሥራ ነው

ባሕሪ የሚኖር ሰው የአውሮፕላን ድምፅ አያስደንቀውም። ከሰሜን መጥተው ካርቱም አየር ማረፊያ የሚያርፉት በእኛ ሰማይ ላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። እኛ ቤት ግን ድምፁ ከሁለት በኩል ይመጣል፤ ከጣሪያው በላይና ከልጄ ላፕቶፕ።

ልጄ ኤክስፕሌን የሚባለውን የበረራ ሲሙሌሽን ጌም ይጫወታል። አምና አንድ ቀን ለአውሮፕላን "አድኦን" መግዣ ገንዘብ ጠየቀኝ። "ጌሙ እያለህ ሌላ ክፍያ ምን አመጣው?" አልኩት። ሠሪው ድርጅት ሳይሆን ቀን ሌላ ሥራ ውሎ ማታ ማታ በቤቱ የሚሠራ ሰው መሆኑን ሲነግረኝ ደግሞ፣ "ታዲያ ስለሚወደው የሚሠራውን ለምን በነፃ አይሰጥም?" ብዬ ጠየቅሁት። ልጄም፣ "አባዬ፣ እማዬስ እንጀራ መጋገር ትወድ የለ? ለደንበኞቿ በነፃ ትሰጣለች እንዴ?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ጉዳዩን ከዚያ ወዲህ ሳስብበት ቆይቻለሁ።

ለማታውቁት ወላጆች፣ አድኦን ማለት በጌሙ ላይ የሚጨመር፣ ብዙ ጊዜም ከጌሙ ባለቤት ውጭ ያለ ሰው የሠራው አውሮፕላን፣ አየር ማረፊያ፣ አውቶቡስ ወይም የባቡር መስመር ነው። ሥራው ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ቅርጹ በኮምፒውተር ይሠራል። ከዚያ ቀለሙና ጽሑፉ ከፎቶግራፍ እየታየ ይለበጣል። በአብራሪው ፊት ያለው እያንዳንዱ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራው ኮድ ሲጻፍለት ነው። ይህም ሁሉ ሆኖ ጌሙ በታደሰ ቁጥር አድኦኑ ሊበላሽ ስለሚችል ሠሪው ተመልሶ ይጠግነዋል። ስለዚህ የምንከፍለው ለተሠራው ብቻ አይደለም፤ ነገ ለሚደረገው ጥገናም ጭምር ነው።

"ገንዘብ ከገባበት ፍቅሩ ይጠፋል" የሚሉ አሉ። ለዚህ ምሳሌ የሚጠቅሱት በሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. የሆነውን ነው። ቫልቭና ቤተስዳ የተባሉት ኩባንያዎች ስካይሪም ለተባለው ጌም ተጫዋቾች የሚሠሯቸው ሞዶች በክፍያ እንዲሸጡ ፈቀዱ። ተጫዋቾች በቁጣ ተነሡ፤ ሽያጩም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀረ። እኔ ቁጣው ከፊሉ ትክክል ነበር እላለሁ። ከሽያጩ ለሠሪው የሚደርሰው 25 በመቶ ብቻ ነበር። የሌላ ሰው ሥራ የገባበት ሞድ ለሽያጭ መቅረቡም ቅሬታ አስነሥቷል። ይህ ግን አሻሻጡ ጥሩ እንዳልነበረ ያሳያል እንጂ የእጅ ሥራን መሸጥ ነውር መሆኑን አያሳይም። ደግሞም ካውንተር ስትራይክ በ1999 ሲጀምር ሁለት ወጣቶች የሠሩት ነፃ ሞድ ነበር። ቫልቭ ገዝቶት ሠሪዎቹንም ቀጠራቸው፤ ጌሙም በዓለም የታወቀ ሆነ። ክፍያው ሥራውን አልገደለውም።

በነፃ የሚሰጡም ሞልተዋል። በኤክስፕሌን ውስጥ ካሉት አየር ማረፊያዎች እጅግ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ሠርተው ለሁሉም የለገሷቸው ናቸው። ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ስጦታ የሚሆነው ሰጪው ሲፈቅድ ነው፤ እኛ ስለወሰድነው ብቻ ስጦታ አይሆንም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ብዙዎቻችን እዚህ ሆነን ውጭ አገር የምንከፍልበት ካርድ የለንም። እኔም የከፈልኩት ጅዳ ባለው ወንድሜ በኩል ነው። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ልጅ ከጓደኛው በፍላሽ ቢገለብጥ አልደግፈውም፤ ችግሩ ግን ይገባኛል። ገልብጦ በጊኒ ለክፍል ጓደኞቹ የሚሸጠው ግን ሌላ ነው። እንዲህ የሚያደርጉ ልጆች እንዳሉ ሰምቻለሁ። "ከፍያ መንገድ የለም" የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ዋጋውማ እየተከፈለ ነው፣ የሚከፈለው ግን ላልሠራው ሰው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

የሚከፈልበት ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴም አይደለም። ልጄ በኋላ ያስገዛኝ ሌላ አድኦን ጌሙ ሲታደስ መሥራት አቆመ፤ ሠሪውም ድምፁን አጠፋ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሥራው የራሱ ነው? የቀደሙትን ሥራዎቹን እያደሰ ቆይቷል? ያንኑ የሚያህል ነፃ ሥራ የለም? ወላጆችም "ጌም ነው" ብላችሁ ከማለፍ ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት።

ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ግን ራስን መሞከር ነው። ብሌንደር የተባለው የቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነፃ ነው። የኤክስፕሌን ባለቤት ላሚናር ሪሰርችም አየር ማረፊያና አካባቢውን መሥሪያ ፕሮግራም በነፃ ይሰጣል። ልጄ ዘንድሮ ባሕሪን ከካርቱም የሚያገናኘውን አሮጌውን የብረት ድልድይ መሥራት ጀምሯል። መብራት ሲጠፋ ያቆማል፤ ሲመጣ ይቀጥላል። ሦስት ሳምንት ደክሞ ገና ግማሹን አላደረሰም።

ባለፈው ሳምንት፣ "አባዬ፣ ሲያልቅ ልሽጠው ወይስ በነፃ ልስጠው?" ብሎ ጠየቀኝ። "የደከምክበት አንተ ነህ፤ የምትወስነውም አንተ ነህ" አልኩት። ለማናውቀው ለዚያ ሠሪም ይህንኑ መብት ልንነፍገው አይገባም።