አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

«በቅንጦት መኪና ላይ ከባድ ታክስ ይጣል» የሚል ድምፅ በተሰማ ቁጥር ከደጋፊዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። በአገራችን የተደረገውን ግን በዚህ ስም መጥራት ቃሉን ማራከስ ነው።

የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ፣ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን የሚከብድ ታክስ ተጣለ፤ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉት ላይ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ የሚበልጥ አዲስ መኪና ግን በ1995ቱ አዋጅ በነበረው 100 በመቶ ጸና።

አሮጌ መኪና አየር ይበክላል፣ ለአደጋም ያጋልጣል የሚለውን መከራከሪያ አልንቀውም፤ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ያ የጢስ ታክስ እንጂ የቅንጦት ታክስ አይደለም። ለዓመታት ቆጥቦ አሮጌ ቪትዝ ለመግዛት የተነሣ መምህር ቅንጦተኛ ነውን? አዲስ ቪ8 በሚያስመጣው ባለጸጋ ላይስ ምጣኔው ስለምን በነበረበት ቀረ? አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህንን ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሲሆኑ፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ተደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ነዳጅን በውጭ ምንዛሪ ለሚሸምት አገር ውሳኔው ምክንያት አለው። ነገር ግን ሕጋችን ቅንጦትን በሲሲ ሲለካ ኖሯልና፣ ሲሲ የሌለው መኪና ሲመጣ መለኪያው ባዶውን ቀረ። አነስተኛዋ የቤተሰብ መኪናና በውድ ቆዳ የተለበጠው ግዙፉ መኪና በአንድ ምጣኔ ተስተናገዱ።

እኔ የምለው ቅንጦት በዋጋ ይለካ ነው። የመኪናው ዋጋ ከተወሰነ ጣሪያ ካለፈ፣ በነዳጅም ይሂድ በኤሌክትሪክ፣ በትርፉ ላይ እያደገ የሚሄድ ታክስ ይከፈልበት። ለባለሥልጣናት የሚገዙት መኪኖችም ከዚያ ጣሪያ አይለፉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚከፍለው ታክስ ከአንዱ የሕዝብ ኪስ ወደ ሌላው የሚዛወር ገንዘብ ነውና ሹሙን አይቆጠቁጠውም፤ የሚገታው ክልከላ ብቻ ነው።

ግብር የሚጸናው ሸክሙ በፍትሕ መከፋፈሉ ሲታመን ነው። በቪትዝ ላይ የበረታ ክንድ ቪ8 ዘንድ ሲደርስ ሲዝል ያየ መምህር፣ ግብሩን ፈርቶ ይከፍል ይሆናል፤ አምኖበት ግን አይከፍልም።