ምስሉ አለ፤ ድምፁ የት ሄደ?

በሀዋሳ ከተማ የሠርግና የምረቃ ቪዲዮ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ችግሮች አንዱ ይህ ነው፤ በካምኮርደር የተቀረጹ ሁለት ወይም ሦስት ፋይሎች በኮምፒዩተር ተቀጥለው አንድ ሲሆኑ ምስሉ ሳይጓደል ድምፁ ይጠፋል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምላሽ «ቫይረስ በልቶት ነው» የሚል ነው። ቫይረስ ግን ምስሉን ትቶ ድምፁን ብቻ መርጦ የሚበላበት ምክንያት የለውም። ነገሩ በከፊል ፊዚክስ፣ በከፊል ደግሞ ኩባንያዎች በመካከላቸው ያደረጉት ስምምነት ውጤት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የቡሹሎ ልጅ የሆነ ተማሪዬ የቤተሰቡን ቀረጻ በፍላሽ ይዞ መጥቶ ነበር። አዛውንቶች በሐይቁ ዳር ተቀምጠው ስለ ፊቼ ጨምበላላ አከባበር፣ ስለ ቄጣላና ከዋክብትን አይተው የበዓሉን ቀን ስለሚወስኑት አያንቶዎች ያወጋሉ። ፊቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች ወካይ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቅርሱ ሕንፃ ወይም ሐውልት አይደለም፤ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ዕውቀት ነው። ከእንዲህ ያለ ቀረጻ ላይ ድምፁ ሲነሳ የሚቀረው የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ቀረጻው አራት ክፍል ነበረው፤ ሁለቱ በካምኮርደር፣ ባትሪው ካለቀ በኋላ ደግሞ ሁለቱ በስልክ የተወሰዱ። ከተቀጠሉ በኋላ የካምኮርደሩ ድምፅ አለ፤ የስልኩ ግን ጸጥ ብሏል።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት የቪዲዮ ፋይል አንድ ወጥ ነገር አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ፋይሉ መያዣ ነው፤ በውስጡ ምስሉና ድምፁ በየራሳቸው ዘዴ ታምቀው ይቀመጣሉ። ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ያደረጉት ኤቪሲኤችዲ የተባለው የካምኮርደር ፎርማት ድምፁን የሚይዘው በአብዛኛው ዶልቢ ባዘጋጀው ኤሲ-3 ነው። ስልኮች ደግሞ በአብዛኛው ኤኤሲ የተባለውን ይጠቀማሉ። ሶፍትዌሩ የመጀመሪያውን ፋይል መግለጫ አንብቦ «ቀሪዎቹም እንዲሁ ናቸው» ብሎ ከተነሣ፣ የተለየውን ድምፅ መፍታት ሲያቅተው ዝም ብሎ ያልፈዋል። የሚያስቆጣኝ ይኸው ዝምታ ነው። አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ቢጽፍ ስንት ቀረጻ ይተርፍ ነበር! ከዚህ ቀደምም ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲሸጥ የኤሲ-3 መፍቻ አብሮት ስለማይመጣ፣ በዚያን ጊዜ የነበሩ ብዙ የካምኮርደር ባለቤቶች ጸጥ ያለ ፊልም ሲመለከቱ ኖረዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ለፊዚክስ ተማሪ ይበልጥ ይጥማል። ዲጂታል ድምፅ የአየር ግፊት ለውጥ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተለካ የሚመዘገብበት የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። ሚኒዲቪ ካሴት የሚጠቀሙት ካምኮርደሮች በሴኮንድ 48,000 ወይም 32,000 ናሙና መውሰድ ይችሉ ነበር፤ ምርጫው በካሜራው ሜኑ ውስጥ ተደብቆ ስለሚገኝ አንዱ ካሴት በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ተቀርጾ ይገኛል። በ32,000 የተቀዳውን በ48,000 ብናጫውተው ድምፁ አንድ ተኩል ጊዜ ይፈጥናል። በ120 ሄርዝ የሚናገር አዛውንት ወደ 180 ሄርዝ ከፍ ይልና እንደ ወጣት ይቀጥናል። የ60 ደቂቃ ንግግርም በ40 ደቂቃ ያልቅና በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች ምስል ብቻ ይቀራል። ሰውዬው «መጨረሻው ላይ ድምፁ ጠፋ» ይላል እንጂ ድምፁስ አልጠፋም፤ ቀድሞ ደርሶ አልቋል።

ሦስተኛው በመማሪያ ክፍል ደጋግመን ከምናስተምረው የሞገዶች መስተጋብር ጋር አንድ ነው። የአዳራሽ ማይክሮፎን ብዙውን ጊዜ ድምፁን በሁለት ሽቦ፣ አንዱን በቀጥታ ሌላውን ገልብጦ ይልካል። ይህ ገመድ በማይስማማ ማገናኛ ካምኮርደሩ ላይ ሲሰካ የግራው ቻናል ቀናውን፣ የቀኙ ደግሞ የተገለበጠውን ሞገድ ይቀዳል። በጆሮ ማዳመጫ ቢሰሙት ትንሽ ግር የሚል ድምፅ ነው፤ ነገር ግን አለ። ፋይሎቹ ሲቀጠሉ ሶፍትዌሩ ሁለቱን ቻናሎች ደምሮ አንድ ካደረጋቸው ግን የአንዱ ጫፍ በሌላው ጎድጓዳ ላይ እያረፈ ድምሩ ዜሮ ይሆናል። አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ባለው ስልክ ሲከፈትም ውጤቱ ያው ነው። መፍትሔው ከሁለቱ ቻናሎች አንዱን መተው፣ ወይም አንዱን መልሶ መገልበጥ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ይህን ክስተት በቤተ ሙከራ ለማሳየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

የፋይል መጠን ጣጣም አለ። ፋት32 በተባለው አሠራር የተዘጋጀ ሚሞሪ ካርድ ከ4,294,967,295 ባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። በሴኮንድ 17 ሚሊዮን ቢት የሚጽፍ ካምኮርደር ይህን ገደብ በ34 ደቂቃ ገደማ ስለሚደርስ ፋይሉን ቆርጦ ሌላ ይጀምራል። የኤሲ-3 ድምፅ በ1,536 ናሙና፣ ማለትም በ32 ሚሊ ሴኮንድ እየተጠቀለለ ስለሚጻፍ፣ ቁርጡ በአንዱ ጥቅል መሐል ሲያርፍ መጋጠሚያው ላይ ድምፁ ይቆራረጣል። እንዲህ ያሉትን ፋይሎች ለየብቻ ከፍቶ ከመቀጠል ከካሜራው ጋር በመጣው ሶፍትዌር ማጋጠም ይሻላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ዋናዎቹ ፋይሎች አይነኩ። በኢንተርኔት የሚገኘውን ሁሉ «ኮንቨርተር» እየጫኑ ከመሞከር መለካት ይቀድማል። ቪኤልሲ የተባለው ነፃ ማጫወቻ የኮዴክ መረጃ የሚያሳይ መስኮት አለው፤ እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ የድምፁን ዓይነት፣ የናሙናውን ፍጥነትና የቻናሉን ብዛት በወረቀት ላይ ጽፎ ማስተያየት ነው። ልዩነት ከተገኘ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ምስሉን ሳይነኩ የሁሉንም ድምፅ ወደ አንድ ዓይነትና ወደ 48,000 ናሙና ቀይሮ ከዚያ መቀጠል ይቻላል። በተቀጠለው ፋይል ውስጥ ድምፁ ጭራሽ ካልተመዘገበ ግን የትኛውም ፕሮግራም ከዚያ ፋይል አያወጣውም።

የተማሪዬ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የከበደው። የካምኮርደሩ ፋይሎች ካርዱ ላይ ነበሩ፤ የስልኩን ሁለት ክፍሎች ግን ቀጠላው እንዳለቀ፣ ስልኩ ሞልቷል ተብሎ፣ ማንም ሳያዳምጥ ተሰርዘዋል። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ከዚያ ወዲህ አርፈዋል።

በዚህ የቪዲዮ ባለሙያዎችን ብቻ መውቀስ አይገባም ባይ ነኝ። ለሚቀጥለው ሠርግ ካርዱን ባዶ ማድረግ እንጀራቸው ነው። ጥፋቱ ይበልጥ የእኛ የመምህራኑ ነው፤ ናሙና መውሰድንና የሞገድ መስተጋብርን ለፈተና ብቻ እናስተምራለን፤ ከግቢያችን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያሉ ሰዎች ግን በእነዚሁ ነገሮች የተነሣ የአባቶቻቸውን ቃል ያጣሉ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ የቤተ ሙከራ ሰዓት በዚህ ላይ ቢያውሉ፣ በወር አንድ ቅዳሜም በሩ ለፎቶ ቤቶችና ለቤተሰቦች ቢከፈት፣ የሚያስፈልገው ኮምፒዩተር፣ የጆሮ ማዳመጫና ትርፍ ሃርድ ዲስክ ነው። ፎቶ ቤቶቹም በደረሰኛቸው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፤ «ባለቤቱ እስከ መጨረሻው ሳያዳምጥ ዋናው ፋይል አይሰረዝም» የሚል።