«ፓወር» በአማርኛ፦ ብዙ ፍቺ ያለው ቃልና የጥናት መጠይቆች ተአማኒነት

«ፓወር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከየትኛውም የትምህርት መስክ አይጠፋም። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ስለ መንግሥት ሥልጣን፣ መሐንዲስ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ ስለ ሸማቹ የመግዛት አቅም፣ መካኒክ ስለ ሞተር የፈረስ ጉልበት ሲናገሩ እንግሊዝኛው ለአራቱም የሚያቀርበው ይህንኑ ቃል ነው። አማርኛ ግን አራቱን በአራት ቃላት ለይቷል። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ደግሞ አምስተኛ ቃል አለው፤ ተናጋሪው «መብራት ጠፋ» ይላል።

ስለዚህ አማርኛ የቃላት ድሃ ነው የሚለው ተደጋጋሚ ቅሬታ ቢያንስ በዚህ ረገድ መሠረት የለውም። ችግሩ የቃል ምርጫ ነው። ተርጓሚው «ኃይል»ን ለሁሉም ዐውድ ሲያውል ቋንቋው ለይቶ ያኖረውን ልዩነት መልሶ ያደባልቀዋል።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በመጠይቅ ዝግጅት ላይ ነው። ለአብነት፣ የቤተሰብን የውሳኔ አሰጣጥ የሚያጠና የእንግሊዝኛ መጠይቅ በቤት ውስጥ «ፓወር» ያለው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ጥያቄው «በቤትዎ ውስጥ ኃይል ያለው ማን ነው?» ተብሎ ቢተረጎም አንዷ መላሽ ጉልበተኛው ማን እንደሆነ፣ ሌላዋ አስገዳጁ ማን እንደሆነ፣ ሦስተኛዋ የመወሰን ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ልትረዳ ትችላለች። ሦስቱም «ባለቤቴ» ቢሉ በአንድ ኮድ ይመዘገባሉ። ሠንጠረዡ የተሟላ ይመስላል፤ ቁጥሮቹ ግን የሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች መልሶች ናቸው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ስሕተት መከላከያ ተደርጎ የሚወሰደው፣ ሪቻርድ ብሪስሊን በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ በሰፊው የታወቀው መልሶ የመተርጎም ዘዴ ነው። ሁለተኛ ተርጓሚ ዋናውን ሳያይ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል፤ ከዚያም ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቅጂዎች ይነጻጸራሉ። ብዙ ፍቺ ያለው ቃል ሲገጥም ግን ዘዴው ራሱ ይታለላል። «ኃይል» ሲመለስ «ፓወር» ይሆናልና ሁለቱ ቅጂዎች ያለ እንከን ይገጥማሉ። በአንጻሩ ጠንቃቃ ተርጓሚ «የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ማን ነው?» ብሎ ቢጽፍ፣ ሲመለስ ዋናውን ቃል ስለማይመስል እንደ ስሕተት ሊቆጠርበት ይችላል። ንጽጽሩ በቃላት መመሳሰል ላይ ብቻ ካተኮረ ቃሉን የተከተለው ይመሰገናል፣ ፍቺውን የፈለገው ይወቀሳል።

አንድን የእንግሊዝኛ ቃል ሁልጊዜ በአንድ የአማርኛ ቃል መወከል ለወጥነት ይበጃል የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። በአንድ መስክ ውስጥ ለሚያገለግል ሙያዊ ስያሜ ይህ ትክክል ነው። ከመስክ ወደ መስክ ሲኬድ ግን ሊጠበቅ የሚገባው የጽንሰ ሐሳቡ ወጥነት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 8 በእንግሊዝኛ ቅጂው «ፓወር» የሚለውን በአማርኛ «ሉዓላዊ ሥልጣን» ይለዋል፤ «ሉዓላዊ ኃይል» ቢባል ኖሮ ፍቺው ሌላ በሆነ ነበር። በስታቲስቲክስም «ፓወር» ማለት በእውን ያለን ልዩነት ጥናቱ የማግኘት ዕድሉ ነው፤ በልማድ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲሆን ይፈለጋል። «የጥናቱ ኃይል» የሚለው አገላለጽ ተጽዕኖን ሲያስታውስ፣ «የመለየት አቅም» የሚለው ወደ ፍቺው ይቀርባል።

መፍትሔው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። የመመረቂያ ጽሑፍ የአጠናን ዘዴ ምዕራፍ፣ ቁልፍ ቃላቱ በየትኛው ፍቺ እንደተወሰዱና በምን አማርኛ እንደተተኩ በግማሽ ገጽ ሊያስረዳ ይገባል። ከመስክ ሥራው በፊትም ጥያቄዎቹ ለጥቂት መላሾች ተነብበው የተረዱትን በራሳቸው አነጋገር እንዲገልጹ መጠየቅ ያስፈልጋል። አማካሪዎችና ፈታኞች መልሶ የመተርጎሙን ማረጋገጫ ሲጠይቁ ይህንንም አብረው ቢጠይቁ መልካም ነው። የትርጉሙ ትክክለኛነት የሚረጋገጠው መላሿ የተጠየቀችውን ስትረዳ ነውና።