ጀልባን የሚጎትተው ሞተር ነው፤ የሚያድነው ግን ፍሬን ነው

ቅዳሜ ማለዳ ነው። ካዛንቺስ፣ ባምቢስ አካባቢ መብራት የያዘው ፕራዶ ከኋላው ነጭ ጀልባ አስከትሏል። ከጎኑ የቆመው ሚኒባስ ረዳት ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ "ባሕር ኃይሉ በባምቢስ ሆነ እንዴ መንገዱ?" ይላል። ተሳፋሪው ይስቃል። የፕራዶው ሾፌርም ይስቃል። መብራቱ ሲለቅ ጀልባው በመስቀል አደባባይ፣ በሳሪስና በቃሊቲ አድርጎ ወደ ላንጋኖ ይነጉዳል።

ባምቢስ ብዙ አይቷል። ስሙን ከግሪካዊ ነጋዴ ሱፐርማርኬት ያገኘ ሰፈር ነው። ጎረቤቱ ካዛንቺስ ደግሞ ስሙን የወረሰው በጣሊያን ዘመን የመንግሥት ሠራተኞችን ቤት ይሠራ ከነበረ ድርጅት ነው። በ2017 ዓ.ም. አሮጌው ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስም ባምቢስ እዚያው ሆኖ ተመልክቷል። ያም ሆኖ ባሕር በሌላት አገር ከተማ መሀል ጀልባ ሲያልፍ ዞር ብሎ የማያይ የለም። ችግሩ ሁሉም የሚያየው ጀልባውን መሆኑ ነው። በፕራዶውና በጀልባው መካከል ያለችውን ጋንቾ ማን ያያታል? ጨዋታው የሚወሰነው ግን እዚያ ላይ ነው።

"የጥቂት ባለገንዘቦች መዝናኛ ስፖርት ገጽ ላይ ምን ይሠራል?" የሚል አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። ጀልባው የሚሄድበት መንገድ ደጋፊው የሚሄድበት መንገድ ነው። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው መካሄድ ከጀመሩ ወዲህ የአዲስ አበባ ደጋፊ ስካርፉን ጠምጥሞ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ መመላለስ ለምዷል። በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ደግሞ የጅቡቲ ከባድ መኪና፣ አይሱዙ፣ ባጃጅና የጋሪ ፈረስ የሚጋፉበት ነው። እዚህ መሀል ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ነገር ከመኪናው ቢለይ የሚመርጠው ሰው የለም። ባለፕራዶውን አልፎ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብሎ የጨዋታ አሰላለፍ የሚከራከረውን ልጅ ሊያገኘው ይችላል። ጉዳዩ የባለጀልባው ብቻ የማይሆነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። መኪና አዋቂ ነኝ የሚል ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት ይጎትታል?" ነው። ልክ አጥቂ ሲገዛ "ስንት ጎል አለው?" እንደሚባለው መሆኑ ነው። በከተማችን የሚታየው ፕራዶ 150 ናፍጣ እንደ ሞተሩና እንደተሸጠበት አገር ከ2,500 እስከ 3,000 ኪሎ ግራም እንዲጎትት የተፈቀደለት ነው። ይህን የሰማ ሰው "ታዲያ ትንሿ ጀልባ ምን ታደርገዋለች?" ብሎ ደረቱን ይነፋል። ያላነበበው አንድ መስመር አለ። ይህ ቁጥር የሚሠራው ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ በአብዛኛው የሚፈቀደው 750 ኪሎ ብቻ ነው። አምስት ሜትር ያህል ርዝመት ያላት የፋይበር ጀልባ ከነሞተሯ፣ ከነቤንዚኗና ከነተሳቢዋ ስትመዘን ከአንድ ቶን ማለፏ የተለመደ ነው። ስለዚህ "ትንሽ" የተባለችው ጀልባ ገና ከባምቢስ ሳትወጣ ከልኩ አልፋለች ማለት ነው።

ሒሳቡን ቀለል አድርጎ ማየት ይቻላል። መኪናው 2 ቶን ገደማ፣ ጀልባው ከነተሳቢው 1.2 ቶን ቢሆን ድምሩ 3.2 ቶን ነው። ሞተሩ ይህን ሊጎትት ይችላል። መኪናው ለመቆም ግን ለራሱ ክብደት የተሠራው ያው ፍሬን ብቻ ነው ያለው። በዚያ ላይ ፍጥነት ከ80 ወደ 100 ሲወጣ ፍሬኑ ሊውጠው የሚገባው ጉልበት ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ከፊት ያለው ባጃጅ ድንገት ሲታጠፍ "ፕራዶ ነው የያዝኩት" ማለት አያድንም።

የኳስ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሪያል ማድሪድ እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት ቤካምን አስመጥቶ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ማልያው ተሸጠ፣ ፎቶው አማረ። የሊግ ዋንጫ ግን እስከ 2007 ድረስ በርናባው አልገባም። የራሳችንም ታሪክ አለ። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲበቁ ኳስ አያያዛቸው ብዙ ተወራለት። በሁለተኛው ጨዋታ ግን የቡርኪናፋሶ በረኛ በቀይ ወጥቶ ተጋጣሚ በጎዶሎ ሲጫወት እንኳን ጎል መግባቱ አላቆመም፣ 4 ለ 0 ተጠናቀቀ። ወደ ፊት መሄድ አንድ ነገር ነው። ሲያስፈልግ ማቆም ሌላ ነገር ነው። ጀልባ ጎታቹም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

ሌላው በእኛ አገር የሚረሳው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ላንጋኖ ደግሞ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ በመጽሐፉ 160 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ፕራዶ አዲስ አበባ ላይ 125 ያህል ቢቀረው ነው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ይሻላል። ፈተናው ግን ሲሄዱ አይታወቅም፤ መንገዱ ቁልቁል ነውና ሁሉ ቀላል ይመስላል። እሁድ ከሰዓት ሰው ደክሞት፣ ፀሐይ መትቶት፣ ጀልባውም ርሶ ሲመለስ ነው ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚጠብቀው። ያኔ የሞተሩን ሙቀት መለኪያ ያላየ ሾፌር ዱከም ላይ ኮፈን ከፍቶ ይቆማል።

ቁልቁለቱም የራሱ ጣጣ አለው። ፍሬን ረግጦ መውረድ የለመደ ሰው ጀልባ አስከትሎ እንዲሁ ቢያደርግ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቆማል። ደንቡ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ መቀነስ ነው። አውቶማቲክ የሚነዳም ቢሆን "ዲ" ላይ ጥሎት መውረድ የለበትም። ያለዚያ ሞተሩ መያዝ የሚገባውን ሁሉ ፍሬኑ ብቻውን ይሸከማል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ግን የተሳቢው መዋለል ነው። አንድ ከባድ መኪና በፍጥነት ሲያልፍ ነፋሱ ጀልባውን ይገፋዋል፣ ጀልባው የመኪናውን ኋላ ይገፋል፣ ሾፌሩ መሪውን ይጠመዝዛል፣ ነገሩ ይብሳል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አጫጫኑ ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት አሥር በመቶ ያህሉ ጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት። ለ1,200 ኪሎ 120 ኪሎ መሆኑ ነው። የጀልባ ሞተር ከኋላ ስለሆነና ሰውም በረዶ ሳጥኑንና የነዳጅ ጀሪካኑን ከኋላ ስለሚጭን ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ያንሳል፣ ጭራውም ይጨፍራል። ከልክ በላይ ፊት ከተጫነ ደግሞ የመኪናው አፍንጫ ይነሳና መሪው ይቀላል። ሚዛን የለም የሚል ወፍጮ ቤት ጎራ ይበል። መዋለሉ ከጀመረ መድኃኒቱ ነዳጅ መልቀቅና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ድንገት ፍሬን መርገጥም፣ "ልሽሽ" ብሎ ነዳጅ መስጠትም ጥፋት ነው።

ጋንቾው ራሱ የት እንደታሰረ መጠየቅም አይከፋም። ፕራዶ ሻንሲ ያለው መኪና ነው፣ ጋንቾ የሚታሰረውም ሻንሲው ላይ ነው። ፓራውልት ላይ የተበየደ ጌጥ ከጎታች አይቆጠርም። ሁለት ሰንሰለት ከሥር ተጠላልፎ መታሰር አለበት። ጋንቾው ቢፈታ ተሳቢው መሬት እንዳይወጋ የሚያቅፈው እሱ ነው። ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱም ከመኪናው ጋር መያያዝ አለባቸው። የቀጭኔ ያህል ረጅም ጭራ ይዞ ያለ ፍሬቻ መታጠፍ ከኋላ ያለውን ሰው ገምት ማለት ነው።

ሐይቁ ዳር ሲደረስም ጨዋታው አላለቀም። እንዲያውም ብዙ ፕራዶ የሚዋረደው እዚያ ነው። ረጅም መንገድ የመጣ ተሳቢ ኩሽኔታው የጋለ ነው። እንደጋለ ውኃ ውስጥ ከገባ ድንገት ይቀዘቅዝና ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ግራሱ ይበላሻል፣ በሚቀጥለው ጉዞ ጎማው መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሻይ ጠጥቶ ማረፍ ይጠቅማል። የጀልባው መውረጃ ቡሽ መዘጋቱን ሳያይ የሚገፋም አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ጀልባ ሳይሆን ገንዳ ነው የገዛው። ወደ ኋላ ሲነዳ እጅን መሪው ሥር መያዝ ይረዳል፤ እጅ ወደሄደበት ተሳቢው ይሄዳል። ከሾፌሩ በቀር ሰው ሁሉ ይውረድ፣ መስኮት ይከፈት፣ ሾፌሩም ቀበቶውን ይፍታ። አሸዋው ላይ ደግሞ የጎማ ነፋስ ትንሽ ማጉደልና አራቱንም ጎማ የሚያዞረውን ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት ነው። ነዳጅ በሰጡ ቁጥር ጎማው ጉድጓድ ይቆፍራል እንጂ አይወጣም።

ጭማሪ ሰዓትም አለ፣ ብዙ ሰው ግን ከፊሽካው በፊት ሜዳውን ለቅቆ ይወጣል። እምቦጭ ቆቃና አዋሽ ላይ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይታወቃል። ጣናን ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ምን እንዳደረገው ሁሉም አይቷል። ይህ አረም ከቁራጩም ከዘሩም ይራባል። ቆቃ ላይ የዋለ ጀልባ በነጋታው ቢሾፍቱ ባቦጋያ ወይም ላንጋኖ ሲገባ በሞተሩ ምላስ ወይም በተሳቢው ብረት መሀል አንድ ቁራጭ ይዞ ቢሄድስ? ለዓሣ አጥማጁ ያ ቁራጭ የእንጀራው ጉዳይ ነው። ጀልባን ከሐይቅ ሲያወጡ አረሙን መልቀም፣ ውኃውን ማፍሰስና አድርቆ መጫን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የባምቢስ ጀልባ የሌላውን ሐይቅ የመበከል መብት የለውም።

"ይህ ሁሉ ከሆነማ ጀልባ ባይጎተትስ?" የሚል ይኖራል። እንደሱም አይደለም። ጣናን፣ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ ሐዋሳን፣ አባያንና ጫሞን የያዘች አገር በውኃ ስፖርት ስሟ አለመነሳቱ ያሳዝናል እንጂ አያኮራም። ውኃ የሚወድ ሰው መብዛቱ ጥሩ ነው። ዛሬ አንድ ቤተሰብ በጀልባ ቢዝናና ነገ ልጁ ቀዛፊ ሊሆን ይችላል። ስፖርት የሚጀምረው ግን ከሕግ ነው፤ ያለ ዳኛና ያለ መስመር የሚካሄድ ጨዋታ ድብድብ ነው የሚሆነው።

የመኪናውም ነገር ቢሆን ጊዜው እየተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ያሉት ፕራዶዎች እያረጁ መሄዳቸው ነው። ያረጀ መኪና ደግሞ ያረጀ ፍሬን አለው። በኤሌክትሪክ መኪና እጎትታለሁ የሚልም መመሪያውን አስቀድሞ ያንብብ። መጎተት ጭራሽ ያልተፈቀደላቸው ሞዴሎች አሉ። የሚፈቀድላቸውም ቢሆኑ ጀልባ ሲያስከትሉ በአንድ ቻርጅ የሚሄዱት ርቀት በግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ላንጋኖ ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ጀልባ የሚሸጥ ነጋዴ ፍሬን የሌለው ከባድ ተሳቢ አብሮ አይሽጥ። ትራፊክ ፖሊስ ከከተማ መውጫ ላይ ጀልባውን አይቶ ከመሳቅ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን፣ መብራቱንና ጎማውን ይይ። ባለጀልባው ደግሞ ወደ ላንጋኖ ከመውጣቱ በፊት አንድ እሁድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ፈልጎ ወደ ኋላ መንዳት ይለማመድ። ለጀልባው ያንን ሁሉ ገንዘብ የከፈለ ሰው ለፍሬን ሲሆን መሰሰቱ ምን ይባላል?

እ.ኤ.አ. በ2004 ግሪክ የአውሮፓን ዋንጫ ስታነሳ ብዙ ሰው "ይህ ምን ኳስ ነው?" ብሎ አፉን አጣመመ። ሩብ ፍጻሜውን 1 ለ 0፣ ግማሽ ፍጻሜውን 1 ለ 0፣ ፍጻሜውንም 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ይዛ ሄደች። አላማረችም፣ ግን አልፈረሰችም። በግሪካዊ ሱፐርማርኬት ስም በሚጠራው ሰፈር በኩል ጀልባ ጎትቶ የሚያልፍ ሰው ከዚያች ቡድን ሊማር ይገባል። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ረዳቱ ያሳቀው ሁሉ እሁድ ማታ በሰላም ቤቱ ከገባ ከዚህ የበለጠ ዋንጫ የለም።