ስምንት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

በዓላቱ አለፉ፤ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ዝናቡ ግን ገና አልመጣም። የሰፈራችን አንዱ ሕንፃ ሊፍት እንደ ልማዱ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ያርፋል። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናቶች ዘምቢላቸውን ይዘው በየደረጃው እያረፉ ስለሚወጡ፣ ከዚህ በፊት ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጡ ጎረቤቶች ዛሬ ዘመድ ሆነዋል። ቢያንስ ይህን ያህል ጥቅም ሰጥቷል።

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሰዓት ነው። ነገሩ የተነሣው በቡና ነው።

በቅርቡ ከጎንደር ከመጡት ቤተሰቦች የአንዱ እናት፣ ከመርከዝ ክሊጣ ወጥተው ቤት በተከራዩ በሳምንቱ አንዲት ጎረቤት በራቸውን አንኳኳች። ትልቋ ልጃቸው አስተረጎመች፦ «ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ዝምታ ነው ትላለች።» እውነቷን ነው፤ በዚህ አገር ደንብ በመኖሪያ ሰፈር ከ14:00 እስከ 16:00፣ ሌሊት ደግሞ ከ23:00 እስከ ጠዋት ጩኸትና ከፍ ያለ ሙዚቃ ክልክል ነው። እናትዬዋም ጎረቤት ማክበር ያውቃሉና «እሺ፣ በደስታ» አሏት።

ከማግስቱ ጀምሮ ልጆቹ ትምህርት ቤት እንደሄዱ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሬዲዮው ይዘጋል፣ ጫማ ይወልቃል። ሕፃኑ ሊያለቅስ ሲል ጡት ይጎርሳል። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ቤቱ የሐዘን ቤት ይመስላል። ከዚያ በኋላ ነፃ ናቸው። ምሳ ተበልቶ፣ ልጆች ተመልሰው፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ቡናው ይቆላና ሙቀጫው ይወጣል፤ ዱም! ዱም! ዱም!

ጎረቤቲቱ በሦስተኛው ቀን ፊቷ በርበሬ መስሎ መጣች። እናትዬዋ ደግሞ ተቆጡ፦ «ምን ሆነች ይህች ሴት? ጠዋት ሙሉ ትንፋሼን ውጬ ተቀምጬላት!»

ለማስታረቅ ተጠርተን ስንሄድ በአንድ ወገን ሙቀጫና ዘነዘና፣ በሌላ ወገን ጎረቤቲቱ በሌሊት ልብሷ ቆመው አገኘናቸው። ነገሩን ስናስረዳ ጎረቤቲቱ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አሁን ዘወትር ከቀትር በኋላ በአራት ሰዓት፣ ማለትም በእኛ በአሥር ሰዓት፣ ቡናው ሲፈላ የመጀመሪያዋ እንግዳ እርሷ ናት። ወተት ትጨምርበታለች፤ ይህን ይቅር ብለናታል።

አዲስ ገቢ ወገኖቻችን ይህን አትርሱ፦ ሁለቱም ሰዓቶች ትክክል ናቸው። አገር ቤት ቀኑ የሚቆጠረው ከንጋት ነው፤ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ አንድ ሰዓት ይባላል። እዚህ ቁጥሩ ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ይጀምራል። ልዩነቱ ስድስት ነው። እጃችሁ ላይ ቀስት ያለው ሰዓት ካለ መላ እንንገራችሁ፦ አጭሩ ቀስት ወደሚያመለክተው ቁጥር ሳይሆን ከፊት ለፊቱ፣ ቀስቱ ጀርባውን ወደ ሰጠው ቁጥር ተመልከቱ። ቀስቱ 8 ላይ ከሆነ ከጀርባው 2 አለ፤ ጠዋት ከሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ነው። በስልክ ላይ ወይም በደብዳቤ 14:00 ተብሎ ቢመጣ ስድስት ቀንሱ፤ ስምንት ሰዓት ሆነ። አንዲት አሮጊት 14:00 ሲነበብላቸው «አሥራ አራት ሰዓት የሚባል እግዚአብሔር አልፈጠረም» ብለው ደብዳቤውን መልሰውልናል።

እኛን ደስ የሚለን ደግሞ ይህ ነው። በምኩራብ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የጸሎት ሰዓት ያያችሁ እንደሆነ፣ የጠዋቱ «ሽማዕ» የሚነበብበት ጊዜ የሚያበቃው በሦስተኛው ሰዓት መጨረሻ ነው። ሚሽናም በብራኾት መጀመሪያ ላይ «እስከ ሦስት ሰዓት» የሚል ቃል አለው። ይህ ሦስት ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ሳይሆን ከጠዋት ነው፤ በዚህ አገር ሰዓት ወደ ዘጠኝ ገደማ፣ በአያቶቻችን ሰዓት ሦስት መሆኑ ነው። ልዩነቱ የሕጉ ሰዓት እንደ ቀኑ ርዝመት በበጋ የሚረዝም፣ በብርድ ወራት የሚያጥር መሆኑ ብቻ ነው። እንግዲህ አያትህ ሰዓት አያውቁም የሚልህ ካለ፣ የምኩራቡን ግድግዳ አሳየው።

ቀኖቹም ቢሆኑ የራቁ ባዕድ አይደሉም። ዕብራይስጡ ቀኖችን በቁጥር ይጠራል፤ የእኛም ከግዕዝ የመጣው ስም እንዲሁ ነው። እሑድ አንድ፣ ሰኞ ሁለት ነው፤ «ሼኒ» ማለት እርሱ ነው። ረቡዕ «ረቪዒ»፣ ሐሙስ «ሐሚሺ» ነው። ዓርብ የሰንበት ዋዜማ ነው፤ እዚህ «ኤሬቭ ሻባት» ይሉታል። ኡልፓን ውስጥ ቀኖቹን መያዝ ያቃታቸው አንድ ጎልማሳ ይህን ስንነግራቸው «ታዲያ ለምን ከዘመዶቼ ጋር እንደማልተዋወቅ አድርገው ያስተምሩኛል?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

እስካሁን ሳቅን። አሁን የማያስቀውን እንጨምር፤ ጥፋቱም የሌላ ሰው ሳይሆን የእኛ ነው።

ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ አባት ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው፣ የዓይን ሐኪም ቶር ለወራት ሲጠብቁ ቆዩ። ባለፈው ኦገስት፣ ልጆች ዕረፍት ላይ ሳሉ፣ ቶሩ ደረሰ። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ስለነበር ለእኛ አምጥተው ሰጡን፤ አነበብነውና «አባባ፣ ሐሙስ በስምንት ሰዓት ነው» አልናቸው። ወረቀት ላይም ሳንጽፍ፣ ጠዋት ወይም ከቀትር በኋላ ሳንል፣ ወደ ሌላ ሥራችን ዞርን።

እኛ ራሳችን በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ በእናት ጀርባ ታዝለን የመጣን ነን። (1991 ስንል በዚህ አገር አቆጣጠር ነው፤ ይኸው ሌላው ጣጣ!) ፊደል የቆጠርነውም ኮሌጅ የገባነውም እዚሁ ነው። አማርኛችን ከእናት ቤት የተገኘ ነው፤ ሰዓታችን ግን ዕብራይስጥ ነው። ደብዳቤው «ሽሞኔ» አለ፣ እኛ «ስምንት» አልን። ቃሉ ተተረጎመ፤ ሰዓቱ ሳይተረጎም ቀረ።

እኒህ አባት ሐሙስ ዕለት ገላቸውን ታጥበው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የአሥራ አንድ ዓመት የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ከሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከሐኪሙ በር ደረሱ። ግማሽ ሰዓት ቀድመው ነው። መዝጋቢዋ ኮምፒዩተሩን አየችና «በጠዋት ስምንት ነበር፤ አልመጣችሁም» አለች። ልጁ ተከራከረ፤ «መጥተናል፣ ይኸው ቆመናል!» አላት። እርሷም የተጻፈውን አነበበችለት፦ «ሎ ሂጊዓ»፣ አልመጣም።

አያትዬው «ምን አለች?» ብለው ልጁን ጠየቁት።

ልጁም ጥቂት ዝም ብሎ «ሐኪሙ ታሟል አለች» አላቸው።

ይህን ያወቅነው በሳምንቱ ሰኞ ነው። እኒህ አባት ወደ ቢሯችን መጡና ተቀምጠው፣ ስለራሳቸው ዓይን ምንም ሳያነሱ፣ «ልጆቼ፣ ያ ሐኪም ተሻለው ወይ?» ብለው ጠየቁን። ገረመን። «ሐሙስ ታሞ ነው የቀረው። ሰንበትን ጨምሬ ሦስት ቀን ጸለይኩለት» አሉ። ወደ ሐኪሙ ቢሮ ስንደውል እውነቱ ወጣ።

እንንገራቸው ወይስ እንተው? በቢሯችን ሁለት ሐሳብ ነበር። አንዳንዶቻችን ልጁን ማጋለጥ ይሆናል አልን። በመጨረሻ ነገርናቸው፤ በሽምግልና ዕድሜያቸው የልጅ ተረት ይዘው እንዲኖሩ ማድረግ ከመጀመሪያው ስሕተት የባሰ መስሎ ስለታየን ነው። መሬት መሬት እያዩ ሰሙን። ከዚያ «ልጁን እንዳትቆጡት፤ እኔን ሊያሳርፍ ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተውም «እናንተን ግን እኔ ልቆጣችሁ እችላለሁ» ብለው ፈገግ አሉ። ጸሎቱስ ብንላቸው «አይባክንም፤ ሌላ የታመመ ሐኪም አይጠፋም» አሉን።

እኛን የከበደን የልጁ ነገር ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በዚያ በር ላይ የአያቱ አስተርጓሚ፣ ጠበቃና ጠባቂ ሆኖ ቆመ፤ ሦስቱንም አንድ ላይ መሸከም ሲያቅተው ያገኘው መውጫ ያ ነበር። ስናነጋግረው «አያቴ ሰዓት አክባሪ ነው፤ አልመጣም ሲሉት መስማት የለበትም» አለን። እኛም ከዚህ በኋላ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመው ለመዝጋቢዋ «እኔ ልጅ ነኝ፣ አስተርጓሚ ጥሩ» ማለት እንደሚችል ነገርነው። አልዋሸነውም፤ የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ አገልግሎት እንዲያመቻቹ ታዝዘዋል። ትልቆችም ይህን በቃላችሁ ያዙ፦ «አኒ ጻሪኽ ቲርጉም ለአምሃሪት»፤ ሴት ከሆነች «አኒ ጽሪኻ» ትበል። አንዴ ተናግሮ ዝም ማለት አይበቃም፤ ደጋግሙት።

መዝጋቢዋን ለማግኘት ሙዚቃ እየሰማን ረጅም ጊዜ ጠበቅን። «አልመጣም» የሚለው ተሰርዞ ወረፋው እንዳይጠፋባቸው ስንለምን፣ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ስንናገር፣ በመጀመሪያ አልገባትም። ስለ ሁለቱ ሰዓት ስናስረዳት «እንግዲያውስ የትኛውን ስምንት ነው የነገራችሁት?» አለች። ከዚያ ዝም አለች፤ ስትጽፍ ይሰማል። በቂ ምክንያት ያለው ብላ መዘገበችላቸው። ቶሩ ግን ከሁለት ወር በላይ ተገፋ፤ በሁለት ወር ውስጥ ሞራው ለማንም አይጠብቅም።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ዛሬ ብዙ አንሄድበትም፤ አንድ ነገር ብቻ። ልደታችሁን ስታስመዘግቡ የየትኛው አገር አቆጣጠር እንደሆነ ከሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልዩነት አለ። የአሥር ዓመት ልጅ በወረቀት አሥራ ሰባት ብትሆን የጦር ሠራዊት ጥሪ ይመጣላታል፤ ለወንድ በ67 ዓመት የሚጀምረው የእርጅና ጡረታም በዚሁ ቁጥር ይወሰናል። በቀድሞዎቹ ገቢዎች መታወቂያ ላይ ወርና ቀኑ ዜሮ ዜሮ ሆኖ የቀረ ብዙ አለ። በኋላ ለማስተካከል እስከ ፍርድ ቤት ሊያደርስ ይችላል።

አሁን በቢሯችን ቶር ሲያዝ ወረቀት ላይ ሁለት ክብ ሰዓት እንሥላለን፤ አንዱ የእዚህ፣ አንዱ የአገር ቤት። ከሥሩ «ባቦኬር» ጠዋት፣ «አሐሬይ ሀጾሆራይም» ከቀትር በኋላ፣ «ባኤሬቭ» ማታ ብለን እንጽፋለን። የእኒህ አባት ወረቀት ፍሪጃቸው ላይ ተለጥፏል፤ ልጁ ፀሐይና ዶሮ ጨምሮበታል።

ያልጠረጠርነው አንድ ነገር ደግሞ ብቅ አለ። አዲሱ ቶራቸው የዋለው ከሰዓት ለውጡ በኋላ በአራተኛው ቀን ነው። በ2013 በወጣው ሕግ መሠረት በዚህ አገር ሰዓቱ በማርች መጨረሻ፣ ከመጨረሻው እሑድ በፊት ባለው ዓርብ አንድ ሰዓት ወደፊት ይሄዳል፤ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሌሊት ይመለሳል። ስልኮች ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የግድግዳ ሰዓት ግን በእጅ ነው። ለዘመድ ስልክ ለምትደውሉም ይጠቅማል፦ በበጋው ወራት የእኛና የጎንደር ሰዓት አንድ ነው፤ ከለውጡ በኋላ ጎንደር በአንድ ሰዓት ይቀድመናል፤ ስለዚህ ማታ ዘግይታችሁ ደውላችሁ አረጋውያንን አትቀስቅሱ።

ይህን ልናስረዳ ወደ እኒህ አባት ቤት ሄድን። «ሰዓቱ የሚለወጠው መቼ ነው?» አሉን።

«እሑድ ሌሊት፣ እዚህ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነው፤ በእኛ ስምንት ሰዓት» አልናቸው።

ወደ ልጁ ዞረው አዩት፤ ወደ እኛ ዞረው አዩን። «ይኸኛው ስምንት ደግሞ የትኛው ነው?» አሉ።

«የሌሊቱ ነው አባባ። ተኝተው ያሳልፉት።»