ስለ ትንሽ ግቢና በምድር ላይ ስለሚንሰራፋ ጽጌረዳ

የአንድ ከተማ ክብር የሚታወቀው በትልልቅ ሕንጻዎቹና በሰፋፊ ጎዳናዎቹ ብቻ አይደለም። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው የሕዝቡን ጠባይ ለማወቅ ቢፈልግ፥ ከአደባባዩ ይልቅ የመካከለኛውን ሰው ደጃፍ መመልከት ይበቃዋል። ደጃፉ የተጠረገ፥ አፈሩ የተሸፈነ፥ በአጥሩ ሥር አበባ የበቀለበት እንደ ሆነ፥ በዚያ ቤት የሚኖረው ሰው ነገን የሚያስብ መሆኑ ይታወቃል። አፈሩ ራቁቱን ቀርቶ በበጋ አቧራ፥ በክረምት ጭቃ የሚሆን እንደ ሆነ ግን፥ ቤቱ በውስጡ ምንም ቢያምር ጉድለት አለበት።

ይህ ነገር በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ ያለውን አቃቂ ቃሊቲን ይልቁንም ይመለከተዋል። የዚህ ስፍራ ምድር በብዙ ቦታ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። መረሬ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በክረምትም ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፥ እግርንም ይይዛል። ባለቤቱ ይህን ጭቃ ሲሸሽ ግቢውን በሙሉ በሲሚንቶ ሊሾ ያስደርጋል። ነገር ግን ሊሾ የዝናቡን ውኃ ወደ ምድር ስለማያስገባ፥ በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ዝናብ በአንድ ጊዜ ወደ ጎረቤት ደጅና ወደ ቦይ ይጎርፋል። ከዚያም አፈሩንና ቆሻሻውን እየጠረገ ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ ወንዙም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ያወርደዋል። እንግዲህ አንድ ሰው ከግቢው ጭቃ ለመዳን ያደረገው ነገር፥ ከእርሱ በታች ላሉት ሁሉ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው።

ከራቁት አፈርና ከሊሾ መካከል ግን ሌላ መንገድ አለ። ይኸውም ወደ ላይ ከመቆም ይልቅ በምድር ላይ የሚንሰራፋውን ጽጌረዳ መትከል ነው። የዚህ ዓይነት ጽጌረዳ ቅርንጫፉን ወደ ጎን እየዘረጋ አፈሩን ይሸፍናል፤ ቅጠሉ የዝናቡን ጠብታ ተቀብሎ ኃይሉን ያበርዳል፤ ሥሩም አፈሩን ይይዛል። ጥላው ከጸና በኋላ አረም እንደ ልቡ አይበቅልም። ለትንሽ ግቢ የሚመችበትም ምክንያት ይህ ነው፤ ብርሃን ሳይከለክልና መስኮት ሳይጋርድ፥ ሰው ለምንም የማያውለውን የአጥር ሥር፥ የቦይ ዳርና የተዳፋት ቦታ ያለብሰዋል።

በውጭ አገር ያሉ የአትክልት ሊቃውንት ይህን ዓይነት ጽጌረዳ ለማራባት ብዙ ደክመዋል። ከምሥራቅ እስያ የተገኘውን፥ በምድር ላይ የሚሳበውን የጽጌረዳ ዘር ከሌሎች ጋር እያዳቀሉ፥ በዓመት ብዙ ጊዜ የሚያብቡትንና በሽታን የሚቋቋሙትን ዓይነቶች አውጥተዋል። ኢትዮጵያ ግን በዚህ ነገር ባዶ እጅዋን የቆመች አገር አይደለችም። ቀጋ የሚባለው ነጭ አበባ ያለው ቍጥቋጦ፥ እረኞች ቀይ ፍሬውን እየለቀሙ የሚበሉት፥ እርሱ ራሱ ጽጌረዳ ነው። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳም እርሱ ብቻ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ይመሰክራሉ።

ከቀጋ ሌላ ደግሞ ለካህናት ይልቁንም ሊታወቅ የሚገባው አንድ ጽጌረዳ አለ። አሺል ሪሻር የተባለው የፈረንሳይ የዕፀዋት ሊቅ ስለ ኢትዮጵያ ዕፀዋት በጻፈው፥ ከ1847 እስከ 1851 በአውሮፓ አቆጣጠር በታተመው መጽሐፉ፥ በትግራይ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ የተተከለ፥ ቀላ ያለ ነጭ አበባ ያለው ጽጌረዳ መኖሩን ገልጾ ነበር። ስሙንም በላቲን ቋንቋ «ቅዱስ ጽጌረዳ» ብሎታል። ይህ ጽጌረዳ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ብዙ የማያልፍ፥ ይልቁንም በስፋቱ የሚያድግ ነው። ፍሊንደርስ ፔትሪ የተባለው የእንግሊዝ የጥንት ታሪክ መርማሪ በ1888 በአውሮፓ አቆጣጠር በግብጽ አገር ሐዋራ በሚባል ስፍራ፥ ከመቃብር ውስጥ የጽጌረዳ ጕንጕን ባገኘ ጊዜ፥ አበባውን የመረመሩት ሊቃውንት ይህንኑ የኢትዮጵያን ጽጌረዳ እንደሚመስል ተናግረዋል። ዛሬም በአውሮፓ አትክልት ቦታዎች ስሙ ተጽፎበት ይተከላል። በአገሩ ግን ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ይህ መዘንጋት የሚያስደንቀው፥ ኢትዮጵያ ዛሬ በጽጌረዳ የታወቀች አገር ስለ ሆነች ነው። ከሆለታ፥ ከሰበታ፥ ከቢሾፍቱና ከዝዋይ የሚቆረጠው ጽጌረዳ በአይሮፕላን ተጭኖ ወደ ሆላንድ ገበያ ይሄዳል፤ በአበባ ንግድም ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ሆናለች። ይህ ለአገር ገንዘብ የሚያመጣ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ለባዕድ ማዕድ ጌጥ የሚሆን አበባ የሚያበቅል ሕዝብ፥ የራሱን ደጃፍ አፈር ራቁቱን ቢተወው፥ ለሰው ሸማ እየሠራ ራሱ የታረዘ ሸማኔን ይመስላል።

የአተካከሉ ነገር አስቸጋሪ አይደለም። ጽጌረዳ ፀሐይን ይወዳልና በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይመረጥለት። መረሬ አፈር ውኃ ስለሚያቍር፥ ሥሩ እንዳይበሰብስ መደቡን ከዙሪያው ከፍ ማድረግና የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት አብዝቶ መቀላቀል ያስፈልጋል። አረሙ ከመትከል በፊት ከነሥሩ መነቀል አለበት፤ ጽጌረዳው ከተንሰራፋ በኋላ እሾሁ እጅ አያስገባምና። ችግኙ ሰኔ ሲገባ ቢተከል ክረምቱ ራሱ ያሳድገዋል። በአንዱና በሁለተኛው መካከል ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይተው፤ እስኪገናኙም ድረስ በመካከላቸው ገለባ ይነስነስ። በበጋ ውኃ ሲጠጣ በጠዋት በሥሩ እንጂ በቅጠሉ ላይ አይፍሰስ፤ የረጠበ ቅጠል ለበሽታ ይጋለጣልና። ለማራባትም ገንዘብ አያስፈልግም። ረጅሙን ቅርንጫፍ ወደ ምድር አጕብጦ መካከሉን አፈር ቢያለብሱትና በድንጋይ ቢጫኑት ሥር ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ከእናቱ ቈርጦ ለጎረቤት መስጠት ነው።

በዚህ ነገር ላይ የሚቃወሙ ሰዎች ይኖራሉ። ውኃ በወረፋ በሚገኝበት ከተማ፥ ሽንኩርትና ጎመን ሳይተከል ስለ አበባ መናገር ቅንጦት ነው ይላሉ። ነገራቸው ከንቱ አይደለም፤ ጥቂት ንጹሕ መሬት ያለው ሰው አስቀድሞ ለልጆቹ ጎመን ቢተክል ይመረጣል። ነገር ግን ጎመን የማይተከልበት ቦታም ብዙ ነው። በአቃቂ ወንዝ ዳር ያለው አፈርና ውኃ ከፋብሪካና ከከተማ በሚወርደው ፍሳሽ እንደ ተበከለ፥ በዚያም ውኃ በሚለማው አትክልት ውስጥ ለጤና የሚጎዱ ብረቶች እንደ ተገኙ በምርመራ ታውቋል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የሚበላ ነገር ከመትከል፥ ወደ አፍ የማይገባ አበባ መትከል ጥበብ ነው። ስለ ውኃውም ቢሆን፥ አንድ ጊዜ ሥር የሰደደ ጽጌረዳ የልብስ ማለቅለቂያ ውኃ፥ ሳሙና ያልበዛበት እንደ ሆነ፥ አልፎ አልፎ ቢሰጠው ይበቃዋል። የእሾሁም ነገር ልጆች ከሚሮጡበት መንገድ ርቆ ቢተከል ይወገዳል፤ በአጥር ሥር ግን እሾህ ነውር ሳይሆን ዘበኛ ነው።

ስለዚህ በአቃቂ ቃሊቲ ሹመት የተሰጣቸው ሰዎች በየዓመቱ ክረምት ለሕዝብ ከሚያድሉት ችግኝ መካከል፥ ከዛፉ ጋር ይህን ጽጌረዳ ቢጨምሩ፥ እንደ ቱሉ ዲምቱ ባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል ባዶ የቀረው መሬት በጥቂት ወጪ ይለብሳል። ዛፍ ቦታ ይፈልጋል፤ ጽጌረዳው ግን የአንድ ክንድ ስፋት ያለውን መሬት እንኳ አይንቅም።

የካህናትም ድርሻ ከዚህ አያንስም። የአገር በቀል ዛፍ በጠፋበት ዘመን ዘሩ ተጠብቆ የተገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው። ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ ዘመነ ጽጌ እያሉ በማኅሌት የሚያከብሩት አበባ በቃል ብቻ ሳይሆን በቅጽሩም ሊገኝ ይገባል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በትግራይ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ተጎዱ፥ የጥንቱ ጽጌረዳ በየትኛው ደብር እንደ ተረፈ ተፈልጎ ቢታወቅና ቅርንጫፉ ለሌሎች አድባራት ቢታደል፥ በአንድ ስፍራ የሚደርስ ጥፋት ዘሩን አያጠፋውም። በአንድ ቅጽር ብቻ የተጠበቀ ነገር በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል፤ በሺህ ደጃፍ የተተከለውን ግን ማንም ሊያጠፋው አይችልም።

ሰኔ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ጕድጓዱን ቆፍሮ፥ ፍጉን ጨምሮ የሚጠብቅ ሰው፥ ውሎ አድሮ ደጃፉ ለብሶ ያገኘዋል። ይህን ለማድረግ ባለጠጋ መሆን አያስፈልግም፤ ከጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ መለመንና፥ ነገ ለሌላው ጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ አለመንፈግ ይበቃል።